የቆራጯ ምትሃት

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬም ቁልፍ ስለይ ዋልኩ። ባለ ሁለት ቀዳዳውን ከባለ ሁለት ቀዳዳ፣ ባለ አራቱን ከባለ አራት። የሸሚዙ በትንሿ ቆርቆሮ፣ የካፖርቱ በትልቋ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ ቆርጬ፣ አሁን ቁልፍ ለቃሚ። ሥራ አይናቅም ይላሉ… የሚሉት ሰዎች ቁልፍ ለቅመው አያውቁም።

ጀሶው ከተፈታልኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። የስፌት ቤቱ ደረጃ ላይ ውሃ ፈስሶ ነበር፤ እኔ ሙሉ ጣቃ ሱፍ ታቅፌ ስወርድ አንሸራተተኝ። አንጓዬ ተሰበረ እንጂ ጣቃው መሬት አልነካም። ይህን ለማንም አላወራሁም። እዚህ ግን ልጻፈው፣ ደስ ይለኛል።

ቀኝ እጄ የእኔ አልመስል ብሎኛል። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ አይገናኙም። ሁለቱ ትንንሾቹ ደግሞ ጭራሽ አኩርፈዋል፤ አይታጠፉም።

ጠረጴዛዬ ላይ አሁን የሚቆርጠው ቀውላላው የምንለው ሰው ነው። ሲያጎነብስ ሦስት ቦታ ይታጠፋል። አይከፋም፣ እጁ ደህና ነው፤ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ግን መቀሴ ምስማሯ ላይ የለችም። ከእኔ በቀር ማንም ነክቷት አያውቅም። ወስዷታል ማለት ነው። አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ወይ እሰድበዋለሁ ወይ አለቅሳለሁ፤ ሁለቱም አያምርብኝም።

ከሰዓት አለቃው ጠራኝ። በአንድ ቀን የተቀጠርን ነን፤ እሱ አለቃ ሆነ፣ እኔ ቆራጭ።

“እስከ መጋቢት መጨረሻ እጠብቅሻለሁ” አለ።

“ከዚያስ?”

መነጽሩን ጠረገ። “ከዚያ ጠረጴዛው የቀውላላው ይሆናል። አንቺ እንግዲህ ከቁልፉ ጋር…”

“ከቁልፉ ጋር ምን?”

“አታድክሚኝ አንቺ ሴትዮ።”

ቀስ ብሎ፣ እያዘነልኝ ነው ያለው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ሐኪም ቤት ሄድኩ። እጅ የምታሠራው ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ ገና ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል። የጎማ ኳስ ሰጠችኝ።

“ይጭመቁት እናቴ። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ።”

“ከዚያ ምን ይወጣል?”

“ከምኑ?”

“ከኳሱ።”

ሳቀች። እውነቴን ነበር ግን። ዕድሜዬን ሙሉ እጄን ያንቀሳቀስኩት የሆነ ነገር ሊወጣበት ነው። እጅጌ፣ ኮሌታ፣ ኪስ። ኳስ ጨምቄ ምን ላወጣ?

ትንሽ አየችኝና መሳቢያዋን ከፈተች። ተራ ላስቲክ አወጣች፣ ወረቀት የምናስርበት። ሌባ ጣቷና መሃል ጣቷ ላይ አጠለቀችው። ጨበጠች። ዘረጋች። ላስቲኩ ዘሎ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ ላይ ቁጭ አለ። ዐይኔ እያየ!

“ድገሚው።” ደገመችው። “ድገሚው እስቲ።” አሁንም ደገመችው።

“አስማት አይደለም እናቴ፣ ጣት ነው” አለችኝ። ሲጨብጡ አራቱንም የጣት ጫፎች ላስቲኩ ውስጥ ሹልክ ማድረግ ነው። ሲዘረጉ ራሱ ይዘላል። ተመልካች የሚያየው የእጅን ጀርባ ብቻ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን አራቱም መታጠፍ አለባቸው… የእኔ ሁለቱ አይታጠፉም። ለካ ለዚህ ነው! ተንኮለኛ ናት።

ስድስት ገጽ ፎቶ ኮፒ ሰጠችኝ። ለጀማሪ የሚሆኑ ቀላል ቀላል ምትሃቶች። ላስቲክ፣ መሀረብ፣ የጣት ቆብ፣ ሲባጎ። ኳሱንም ለይሉኝታ ያዝኩት።

ዓርብ፣ ጥር 10

ላስቲኩ መቶ ጊዜ ወደቀ። መቶ ጊዜ አነሳሁት። እስካሁን የተሠራው ወገቤ ነው።

እሑድ፣ ጥር 12

እታለም ወረቀቶቹን አገኘቻቸው። ከታላቅ እህት ጋር አንድ ቤት መኖር ማለት ኪስ የሌለው ልብስ መልበስ ነው፤ የምትደብቂበት የለም።

“በዚህ ዕድሜሽ ጠንቋይ ልትሆኚ ነው?”

“እጄን እያሠራሁ ነው።”

“ያምሻል?”

“አያመኝም።”

ያመኛል። ከአንጓዬ ተነስቶ እስከ ክርኔ እንደ ጋለ ሽቦ ነው። ግን ከተናገርኩ እታለም ለአለቃው ሚስት ትነግራታለች፣ እሷ ለባሏ ትነግራለች፣ በቃ ቁልፍ ለቃሚ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው። ስለዚህ አያመኝም። ለማንም።

ሐሙስ፣ ጥር 23

ዘለለ!

ማለዳ፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ። ትንሿ ጣቴ ታጠፈች። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ለላስቲኩ ግን በቃችው። ደገምኩት፣ ዘለለ። ሦስተኛው ላይ ወደቀ። አራተኛው ዘለለ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ልክ እንደ ሕፃን “እይው! እይው!” እያልኩ ማንም በሌለበት ክፍል ጮህኩ።

እታለም ፊት ቆምኩ። ጨበጥኩ፣ ዘረጋሁ፣ ዘለለ። ዐይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

“ጣቶችሽን አስገባሻቸዋ።”

“እንዴት አወቅሽ?”

“ልታታልዪ ስትይ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ። ያኔ እጅሽን አየሁ።”

ሠላሳ ዓመት ስልክ ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት። የሰው ፊት ሳታይ በጆሮዋ ብቻ ማን እንደተከፋ፣ ማን እንደዋሸ ታውቅ ነበር። እሷን ካታለልኩ ማንንም አታልላለሁ። ይህን በትልቁ ልጻፈው፦ እታለምን አታልላለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

በሻይ ሰዓት ለስፌት ቤቱ ሰዎች አሳየሁ። አስቤበት አልነበረም። ካውያ ላይ ያለችው ሴትዮ “ምን ይዘሽ ነው የምትነካኪው?” አለችኝና… አሳየኋት። ጮኸች። ከማሽኑ ሁሉ ተነስተው መጡ። አራት ጊዜ አስደገሙኝ። አራቱንም ጊዜ አልወደቀም! እጄ ከትከሻዬ ሊነቀል ደረሰ፣ ፊቴ ግን ፈገግ እንዳለ ነው።

“ምትሃተኛዋ” እያሉኝ ዋሉ። ባለፈው ሳምንት “ውይ ምስኪን” ነበርኩ።

ቀውላላውም መጣ። “እትዬ፣ እኔንም ያስተምሩኝ፤ ልጆቼን ላስቅበት።”

“ጣትህ ይረዝማል፣ አይሆንልህም” አልኩት።

ሳቀ። አልተቆጣም። መቆጣት ነበረበት። መቀሴን የወሰደ ሰው እንዲህ ጥርሱን እያሳየ ሲስቅ ምን ይባላል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

የጣት ቆቡ ምትሃት ለእኔ የተፈጠረ መስሎኝ ነበር። ያው መርፌ ስንገፋ ጣታችን ላይ የምናጠልቃት የብረት ቆብ ናት። ቀኝ እጅ ላይ አለች፤ ግራ መዳፌ ውስጥ ያስቀመጥኳት መስዬ ጣቴን እጥፍ አድርጌ አውራ ጣቴ ሥር እሸጉጣታለሁ። ግራ እጅ ሲከፈት የለችም።

ችግሩ ገጹ ሌባ ጣት ላይ አድርጊ ይላል። ስፌተኛ ግን መሃል ጣት ላይ ነው የሚያደርገው! ሳላስበው መሃል ጣቴ ላይ አጠልቃታለሁ፣ ከዚያ ስትታጠፍ አትደርስም፣ ቆቧ ኳ ብላ ወለል ላይ ትወርዳለች። እታለም ከጓዳ ሆና “ወደቀች!” ትላለች። መች ጠፋኝ!

ማታ ላይ ገባኝ። እጄ ዕውቀት አንሶት አይደለም፣ በዝቶበት ነው። ጀማሪ ብሆን ይቀለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 27

አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ተገናኙ። ሐኪሟ አጨበጨበች። እኔ ደግሞ ከጆሮዋ ሥር ቆቧን አወጣሁላት። ኩራቴ በበሩ አላስወጣ ብሎኝ ነው የመጣሁት።

እሑድ፣ መጋቢት 8

የመጨረሻው ገጽ። የተቆረጠ ሲባጎ መልሶ መቀጠል።

ደጋግሜ አነበብኩት። ሲባጎውን ለሁለት አጥፈሽ በግራ እጅሽ ትይዣለሽ። መሃሉን ወደ ላይ የምታወጪ ትመስያለሽ፤ የምታወጪው ግን በሥውር ጫፉን አጥፈሽ ነው። ያንን ትቆርጫለሽ። ሰው ሁሉ መሃሉ የተቆረጠ ይመስለዋል። ቁርጥራጩን መዳፍሽ ውስጥ ታስቀሪና ሲባጎውን ስትዘረጊው ሙሉ ነው። ከጫፉ አንድ ጣት ያህል አጠረ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም።

በጓዳ መቀስ ተለማመድኩ። ቤቱ ሲባጎ በሲባጎ ሆነ። ሃያኛው ላይ ለእታለም አሳየኋት።

“ጫፉን ነው የቆረጥሽው።”

“ደግሞ በትንፋሼ ነው?”

“በትንፋሽሽ።”

ሃያ ሁለት ቀን ቀረኝ። እጄ ላስቲክ ያዘልላል፣ ቆብ ይሰውራል። ሱፍ ይቆርጣል ግን? አላውቅም። የሞከርኩት የጓዳ መቀስ ነው። የስፌት ቤቱን ትልቅ መቀስ ለመጠየቅ ፈራሁ… ከብዶኝ ሰው ፊት ቢወድቅብኝስ?

ዓርብ፣ መጋቢት 20

ምን ብዬ ልጀምር።

ትልቁ የካፖርት ሥራ ዛሬ አለቀ። አለቃው ሁሉንም ሰው አንድ ላይ ሻይ ጋበዘ። “ምትሃተኛዋ! ምትሃተኛዋ!” ተባለ። ላስቲኩን አዘለልኩ፣ ቆቧን ከአለቃው ኮሌታ ውስጥ አወጣሁ፣ ሳቁ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ደረቴን ነፍቼ “አሁን ሲባጎ ቆርጬ እቀጥላለሁ” አልኩ። ኪሴን ብፈትሽ ሲባጎው የለም፤ ቤት ቀርቷል።

አለቃው አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር አውልቆ አወዛወዘው። “ከቻልሽ ይሄን ቀጥዪ!”

ያ ሜትር… ሙያውን ያስተማሩት ሰው የሰጡት ነው። ቁጥሮቹ ደብዝዘዋል። እሱ ግን እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ደግሞ አሞቀኝ። ተቀበልኩት።

“መቀስ ስጡኝ።”

ቀውላላው ሮጠ። የልብስ ማስቀመጫ ሳጥኑን ከፍቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጣ። ፈታው።

መቀሴ። ዘይት ተቀብታ፣ እንደ መስታወት ታበራለች።

“አንድ ቀን እንኳ አልቆረጥኩባትም እትዬ” አለኝ ዝቅ ብሎ። “ምስማሩ ላይ ብትሆን ሰው ያነሳታል ብዬ ነው ያስቀመጥኳት።”

“በምን ስትቆርጥ ከረምክ ታዲያ?”

“በዚያ በዶልዱሙ።”

ሦስት ወር። በዶልዱም መቀስ፣ ያን ሁሉ ካፖርት! እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ በልቤ ስረግመው። ዐይኔ እንባ ሞላ። እንዳይታይብኝ ተጣደፍኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ… እኔማ ለመልቀም እንኳ አልበቃሁም።

ሜትሩን አጠፍኩ። ጫፉን መሳብ ነበረብኝ። ግን መቀሷ መዳፌ ላይ ስትቀመጥ፣ ያ የማውቀው ክብደቷ፣ እጄ ምትሃቱን ረሳው። ሠላሳ አንድ ዓመት መሃሉን ፈልግ፣ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ የተባለ እጅ ነው። መሃሉን ፈለገ። ቀጥ አድርጎ ቆረጠ። ቀጭ።

አጨበጨቡ! ምትሃቱ ነው ብለው እኮ ነው። “ቀጥዪዋ! ቀጥዪዋ!” ይላሉ። እኔ ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ ይዤ ቆሜያለሁ። ቀስ በቀስ ጭብጨባው ሞተ።

አለቃው ሁለቱን ቁራጭ ከእጄ ወሰደ። መነጽሩን አደረገ። ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ አያቸው። ረጅም ጊዜ አያቸው። ኪሱ ከተታቸውና “ሻይ አልቋል፣ ወደ ሥራ” አለ።

ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለእኔ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

ከቤት አልወጣሁም። እታለም ምን እንደሆነ ነገርኳት። አልሳቀችም። “ስትቆርጪ እጅሽን አመመሽ?” አለችኝ ብቻ። ስለ ሜትሩ እያወራኋት ስለ እጄ ትጠይቀኛለች!

አሰብኩት ግን። ትዝ አላለኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 23

ወደ ቁልፎቼ ስሄድ አለቃው መቁረጫ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ነበር። ሁለቱ የሜትር ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ቀውላላው ከወዲያኛው ጫፍ ቆሟል።

“ስለ ሜትሩ…” ብዬ ጀመርኩ።

“ዝም በይና ይህን እዪ።” ጣቱን ቁርጡ ላይ አደረገ። “ስንት ላይ ነው የቆረጥሽው?”

አጎንብሼ አየሁ። ሰባ አምስት። የመቶ ሃምሳ ግማሽ። ቁጥሩ ላይ ያለችውን ቀጭን መስመር ራሷን ለሁለት ሰንጥቄያታለሁ። ከጠርዙ አንዲት ክር አልወጣችም።

“አሥር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ እያልኩ ዕድሜዬን ጨረስኩ” አለ። “አንቺ ሳትለኪ፣ ሰው እየጮኸብሽ፣ በተሰበረ እጅ…” ይቀጥላል ብዬ ስጠብቅ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ።

ከዚያ ሱፍ ዘረጋ። ስምንት እጥፍ። በጠመኔ የተሰመረ ጀርባ፣ ትከሻ፣ ሁለት እጅጌ።

“ቁረጪ።”

ቆረጥኩ። ጀርባውን ስጨርስ አንጓዬ ጠዘጠዘኝ፣ ትከሻው ላይ ተወኝ። እጅጌው ላይ ስደርስ ማሽኖቹ ሁሉ ቆመው ነበር፤ ሰው ሁሉ እያየኝ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። የመጨረሻው ክር ሲለቅ አለቃው ከላይኛውና ከታችኛው እጥፍ አንዳንድ አንስቶ ደራረባቸው። ልክ ለልክ።

“ነገ እዚሁ” አለ።

“እሱስ?” አልኩ ወደ ቀውላላው አይቼ።

ቀውላላው ወለሉን ያያል።

“ጠረጴዛው ሁለት ጫፍ አለው” አልኩ። “እኔ ከወዲህ፣ እሱ ከወዲያ። ያንን ዶልዱም ግን ጣሉለት።”

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት። ከሰዓት የላስቲኩን አስተማርኩት፤ ረጅም ጣት እንዲያውም ይመቻል። ሁለቱን የሜትር ቁራጭ ለምኜ ወሰድኩ። አለቃው ምን ሊያደርጉልሽ ነው ሲለኝ ኪሴ ከተትኳቸው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

ጠዋት የስድሳ ሸሚዝ ኮሌታ ቆረጥኩ። ኳሷን ለሐኪሟ በትናንትናው ዕለት መልሻለሁ፤ እንደተሰጠችኝ ናት፣ አዲስ።

ምሳ ሰዓት ላይ እታለም መጣች። ከሁለት ሳምንት በላይ ስለምናት ከርሜ ነው። ወንበር ሰጧት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ስልክ እንደምትጠብቅ ሰው ተቀመጠች።

አለቃውን አዲሱን ሜትሩን ጠየቅኩት። አንገቱን ያዘ።

“አንቺ ሴትዮ፣ አደራሽን።”

“አምጣው።”

ሁሉም ተነስተው መጡ። ሜትሩን አጠፍኩ። መሃሉን አወጣሁ… ለእነሱ እንደዚያ ነው የታያቸው። መዳፌ ውስጥ ከአሮጌው ሜትር የተቆረጠች ስንዝር የማትሞላ ቁራጭ አለች፤ አጥፌ ያወጣሁት እሷን ነው። ይህንን የስድስቱ ገጽ ሰው አላሰበውም፣ ከራሴ ነው ያመጣሁት። መቀሴን አነሳሁ። ቀጭ። አለቃው ዐይኑን ጨፈነ። የካውያዋ ሴትዮ “ወይኔ!” አለች። እኔ እታለምን ነበር የማየው። እጆቼን ዘረጋሁ፤ ሜትሩ ከአንድ እስከ መቶ ሃምሳ ሙሉ ወረደ።

ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ቀውላላው ጠረጴዛውን ይደበድባል። አለቃው ሜትሩን ከእጄ ነጥቆ ሰባ አምስቱን ይፈልጋል፤ አገኘው፣ ዳሰሰው፣ አሁንም ዳሰሰው።

እታለም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ማታ ልትወስደኝ መጣች፤ አብረን ወደ ቤት ሄድን። መንገዱን አጋመስን። ከዚያ “አላየሁም” አለች።

እታለም! አላየሁም አለች!

“ትንፋሽሽን ስጠብቅ ነበር። አልያዝሽም።”

“ማታለል ለመድኩ በያ።”

“የምን ማታለል?” ቆመች። “ሲያምሽ ነው ትንፋሽሽን የምትይዢው። ከጥር ጀምሮ እሰማሻለሁ።”

ማንም አያውቅም ብዬ… ወረቀት ላይ ብቻ ጽፌ… እሷ ግን ጠዋትና ማታ ስትሰማኝ ኖራለች። አንድም ቀን “ያምሻል አይደል” ብላ አላጋለጠችኝም። “እጅሽን አየሁ” እያለች ምትሃቱን ብቻ ነበር የምታጋልጠው።

“ዛሬ አላመመሽም?”

እጄን አየሁት። እስክትጠይቀኝ ድረስ ትዝም አላለኝም ነበር።

“አላመመኝም።”

ቀኝ እጄን ያዘችና መንገድ ላይ እንደ ልጅ እያወዛወዘች ወሰደችኝ። ሰው ያየናል አልኳት፤ ይየን አለች። በራችን ጋ ስንደርስ ጠጋ ብላ “በይ አሁን ንገሪኝ፣ የቱ ጋ ነው የቆረጥሽው?” አለችኝ።

አልነገርኳትም። እራት እስክንበላ ለመነችኝ፤ ሳህኑን ሁሉ እሷ አጠበች። አሁንም አልነገርኳትም።